መብራት ያሳየ ሰው ዕዳ አለበትን?

የ2017 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ነው። ታኅሣሥ 28 ቀን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም። አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ይዤ አዲስ አበባን በመብራቷ ላሳየው ወጣሁ። ልጁ የጋምቤላ ልጅ ነው። ከኢታንግ ወዲያ፣ ከባሮ ወንዝ ብዙም በማትርቅ አንዲት ቀበሌ (ስሟን አልጠራም) አራተኛ ክፍል ሳለ ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። ዛሬ በራስ የሚበልጠኝ ጎረምሳ ሆኖ እዚሁ አዲስ አበባ ከፍተኛ ትምህርት ላይ ይገኛል። ለበዓሉ እናቱ ዘንድ እንዳይሄድ መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የአውሮፕላኑን ዋጋማ አናንሳው። እኔ ቤት ሊያከብር መጣ። ቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲቁላላ ተቀምጠን ከምንቁለጨለጭ፣ «ና እስቲ፣ ከተማው ምን እንደመሰለ ላሳይህ» አልኩት።

«እሺ ቲቸር» አለኝ። በዚያ አገር መምህር ቲቸር ነው። አንቱ ማለትም አያውቅበትም፤ አንተ ይለኛል። የእሱ አንተ ግን እዚህ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከምሰማው አንቱታ ሁሉ ይሞቀኛል።

ከቦሌ ጀመርን። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ላይ ሕዝቡ ፈሷል። በዛፎቹ ግንድ ላይ የተጠመጠሙት ጥቃቅን አምፖሎች፣ በየሕንፃው ግንባር የሚሯሯጡት ቀለማት፣ በየሆቴሉ ደጃፍ የቆሙት የገና ዛፎች፤ ሁሉም ቦግ ብሏል። አባት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ያሳያል። ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሳሉ። በእግር መስቀል አደባባይ ደረስን፣ ከዚያ ወደ ለገሃር አቀናን፣ 209 ሜትር ከሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር ቆምን። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ሲመረቅ የአገሪቱ ረጅሙ ሕንፃ የተባለው ነው። ልጁ አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ቲቸር፣ አሁን በሌሊት እዚህ ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ዘበኛ ይኖራል።»

«ታዲያ ለማን ነው የሚበራው?»

«ለእኛ ነዋ። እንድናይ።»

ጥቂት አሰበና «አየን» አለ። ማፌዝ አልነበረም። የተጠራበትን ጉዳይ ጨርሶ ቀጣዩን ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው አነጋገር ነበር። እኔ ግን ያቺ «አየን» እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ፒያሳ ወጣን፣ የዓድዋን መታሰቢያ ከውጭ አየን፣ አራት ኪሎን ዞረን በታክሲ ወደ ሲኤምሲና ወደ አያት ሄድን። በዚያ በኩል ነዋሪው ራሱ በየግቢው በር ላይ ያስጌጣል። በአንድ ቪላ አጥር ላይ የተዘረጋው መብራት እንደ ፏፏቴ ከላይ ወደታች ይወርዳል። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸው ሲል የግቢው ጥበቃ ብቅ አለና «እለፉ፣ እለፉ» አለን። አለፍን። ሰውየው ሥራውን መሥራቱ ነው፤ አልቀየምኩትም። ነገር ግን ለመንገደኛ የተሰቀለ መብራት ፊት መንገደኛ እንዳይቆም ሲከለከል ማየት ግር የሚል ነገር አለው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የተወለደው ከዚያ በር ላይ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጥያቄው የተወለደው ከዚያ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት፣ በእኔው በረንዳ ላይ ነው። እዚያ ከመድረሴ በፊት ግን በቅድሚያ የሚነሳውን ሙግት ላንሳ።

እንዲህ ያለውን ድምቀት ያየ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚያነሳው ክስ አለ። «ግማሹ ሕዝብ ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ይህ ሁሉ መብራት በከንቱ ይነዳል!» ክሱ ይጣፍጣል። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ዛሬም በቤቱ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ሒሳቡን ልሥራው። የዛሬዎቹ ጥቃቅን አምፖሎች አንድ ዛፍ ሙሉ ቢጠመጠምባቸው የሚበሉት ኃይል ድሮ ሳሎናችን ውስጥ ይሰቀል ከነበረው አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል ላይበልጥ ይችላል። ይህም ይቅር፤ ቦሌን ዛሬ ማታ ድርግም ብናደርጋት ኢታንግ አትበራም። ኢታንግ ወዲያ ያለችው ቀበሌ የጎደላት የቦሌ ኃይል አይደለም። ምሰሶና ሽቦ ነው፣ ትራንስፎርመር ነው፣ ቆጣሪ ነው። የብርሃን ነገር እንደ እንጀራ አይደለም፤ እኔ ስለተውኩት ሌላው አይበላውም።

አንድ ወዳጄ ደግሞ ሙግቱን ከዚህም አርቆ ይወስደዋል። «በዓል የሒሳብ ቀን አይደለም» ይለኛል። «ያቺ ጉሊት የምትሸጥ እናት የወሩን ገንዘቧን ለአንድ ዶሮ ስታወጣ፣ ወለሏ ላይ ቄጠማ ስትጎዘጉዝ፣ ፈንዲሻ ስትበትን ማን ይከሳታል? ድሃ ሲደምቅ ባህል፣ ከተማ ሲደምቅ ብክነት የምትሉት በምን ሚዛን ነው?» መልስ የለኝም፤ ልክ ነው። ሰው እንጀራ ብቻ በልቶ የማይኖር ፍጡር መሆኑን የምናውቀው በበዓል ቀን ነው። መስከረም 16 በየደብሩና በየመንደሩ የሚለኮሰው ደመራ ማንም ደብተር ዘርግቶ የሚያነብበት መብራት አይደለም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ይዘን ስንዞር የጠፋ ነገር አንፈልግም። እነዚህ ሁሉ ለማየት የተለኮሱ ሳይሆኑ ለመታየት የተለኮሱ ናቸው፤ ታዲያ ማን ነውር ይላቸዋል?

እንግዲህ ማብራቱ ነውር ካልሆነ፣ ኃይሉም የተሰረቀ ካልሆነ፣ ልጁ «አየን» ሲለኝ ለምን አፈርኩ?

ወደ በረንዳዬ እንመለስ።

በ2005 ዓ.ም. እዚያች ቀበሌ ውስጥ ሦስት መምህራን አንድ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁላችንም ደገኞች ነበርን። ማታ ሲመሽ ጨለማው እንደ ብርድ ልብስ ነው የሚወርደው። በየጎጆው ኩራዝ ትጨሳለች፤ የኩራዝ መብራት ደግሞ ሦስት ሰው ራት ሲበላ እጁ ከአፉ እንዳይሳሳት ያህል ነው እንጂ ፊደል አያሳይም። (አንድ ትልቅ የመጽሐፍ አሳታሚ ድርጅታችን ኩራዝ ተብሎ ሲሰየም ስም አውጪዎቹ በኩራዝ አንብበው ያደጉ ሰዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ የዓይናቸውን ነገር እነሱ ያውቃሉ።) እኛ ሦስታችን ገንዘብ አዋጥተን አንዲት ትንሽ የቻይና ጄኔሬተር ገዝተን ነበር። እውነቱን ለመናገር ኳስ ለማየት ነው የገዛናት። ነዳጅ ውድ ስለነበር በሳምንት አንድ ቀን፣ ለዚያውም ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ እናስነሳታለን።

ለገና አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ጓደኛችን ከመርካቶ ባለ ቀለም የበዓል አምፖል ገዝቶ መጣ። አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብልጭ ድርግም የሚል። ታኅሣሥ 28 ማታ በረንዳው ላይ ሰቀልነውና ጄኔሬተሯን አስነሳን።

ስለ አካባቢው አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ ወገን ያሉት አብዛኞቹ ክርስቲያኖች የወንጌላውያን አማኞች ናቸውና ልደትን የሚያከብሩት እንደ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ 16 ነው። ከበሮ እየመቱ፣ ነጭ ለብሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከመንደር መንደር እየዘመሩ ይዞራሉ። ስለዚህ ልጆቹ በዓላቸውን ካከበሩ አሥራ ሁለት ቀን አልፏቸዋል። ድንገት የመምህራኑ ቤት ቀለም በቀለም ሆኖ ብልጭ ሲል ከየጎጆው እየሮጡ መጡ። ሃምሳ ይሆኑ ይሆናል፣ ስድሳ። ግቢው ሞላ። አንዳንዶቹ ተቀምጠው፣ አንዳንዶቹ ቆመው፣ ማንም ሳይጮህ ያያሉ። ቀይ ሲበራ ፊታቸው ይቀላል፣ ሰማያዊ ሲበራ ይሰማያል። እናቶችም ጨቅላዎቻቸውን አዝለው መጡ። ያን ማታ ያገኘሁትን ደስታ ያህል ያለ ስካር ያገኘሁበት ቀን ጥቂት ነው። ለጋስ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። መምህር ሻማ ነው፤ ለሌላው እያበራ ራሱ ይቀልጣል ይባላል። እኔ ያን ማታ የቀለጠብኝ ሁለት ሊትር ቤንዚን ብቻ ነው፤ ምስጋናው ግን የሻማ ነበር።

በማግስቱ በዓሉ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ልክ ሲጨልም፣ በረንዳው ሥር ኮሽታ ሰማሁና ወጣሁ። ሰባት ስምንት ልጆች ተቀምጠዋል። እያንዳንዳቸው ደብተር ይዘዋል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«መብራት» አለ አንዱ።

«መብራቱማ ለበዓል ነበር። አለቀ» አልኳቸው።

ተነሱ። አልተከራከሩም። በጨለማው ውስጥ የእግራቸውን ኮቴ ብቻ እየሰማሁ ሄዱ። ያ «መብራት» ያለው ልጅ፣ በ2017 ገና ከንግድ ባንክ ሕንፃ ሥር ያቆምኩት ልጅ ነው።

አሁን ጥያቄውን በትክክል ማስቀመጥ የምችል ይመስለኛል። አምፖሉን ባልሰቅል ኖሮ እነዚያ ልጆች አይመጡም ነበር። ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት ጨለማ ውስጥ ሲኖሩ አንድም ቀን በሬን አላንኳኩም፤ እኔም አንድም ቀን የበደልኳቸው መስሎኝ አያውቅም። ያልነበረኝን ግዴታ የፈጠረብኝ ማሳየቴ ነው ማለት ነው? ሰው በስጦታው ባለ ዕዳ ይሆናልን? ይህ ከሆነ ደግሞ ብልህ ሰው የሚያዋጣው ምንም አለማሳየት፣ መብራቱን መጋረጃ ዘግቶ ውስጥ ማብራት ነው። ከእንቅብ በታች ስለተደፋው መብራት በወንጌል የተነገረውን ምሳሌ የሰማ ሰው ግን ይህን ብልጠት ብልጠት አይለውም።

የበዓል ኤሌክትሪክ መብራት ታሪክ ራሱ ይህን ነገር በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1882 የቶማስ ኤዲሰን የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን ኒው ዮርክ በሚገኘው ቤቱ ውስጥ አንድ የገና ዛፍ በ80 ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ አምፖሎች አስጊጦ ጋዜጠኛ ጠራ። ዛፉ እየተሽከረከረ ያበራ ነበር። ጆንሰን ለምን ጋዜጠኛ እንደጠራ መገመት አያዳግትም፤ ኩባንያው የሚሸጠው ኤሌክትሪክ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው የበዓል መብራት ከጌጥነቱ ይልቅ ማስታወቂያነቱ፣ ከማስታወቂያነቱም ይልቅ ተስፋነቱ ይበልጣል። «ይህ ነገር አለ፤ ለእናንተም ይመጣል» ነው የሚለው። መጣ ወይ? ለከተሜው ቶሎ መጣለት። ከ50 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አጋማሽ፣ ከአሜሪካ አሥር የገበሬ ቤቶች ዘጠኙ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም። ነጋዴው ኩባንያ ሽቦ ወደ ገጠር መዘርጋት አያዋጣኝም ብሎ ትቷቸው ነበር። ኒው ዮርክ በዚያ ሁሉ ዘመን ድምቀቷን አልቀነሰችም። የገጠሩን ጨለማ የገፈፈው እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግና በብድር እየተደገፉ የተቋቋሙት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ዕዳው የተከፈለው መብራት በማጥፋት አልነበረም፤ ሽቦ በመዘርጋት ነበር።

መብራት በማጥፋት የሚከፈል ዕዳ የለም ማለቴ ግን አይደለም። እነዚሁ አሜሪካኖች በ1979 (እ.ኤ.አ.) ቴህራን ውስጥ ሰዎቻቸው በታገቱባቸው ጊዜ ዋሽንግተን ያለውን ብሔራዊ የገና ዛፍ ጨለማ አድርገው ጫፉ ላይ ያለውን ኮከብ ብቻ አበሩ። በቀጣዩ ዓመትም ታጋቾቹ ስላልተለቀቁ ዛፉን ለ417 ሴኮንድ ብቻ አብርተው አጠፉት፤ ለእያንዳንዱ የእገታ ቀን አንድ ሴኮንድ መሆኑ ነው። ሰባት ደቂቃ አይሞላም። ይህን ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። የጠፋው መብራት ማንንም አላስፈታም። ነገር ግን ዛፉን ሊያይ የሄደ ሰው ሁሉ የሌሉትን አየ። የእኛ የከተማ መብራት የሚያንሰው ይህ ይሆን? የሌሉትን አያሳይም። ያለውን ብቻ፣ የተሠራውን ብቻ፣ የቆመውን ብቻ ያሳያል። ፒያሳ ውስጥ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው በ2016 ዓ.ም. የተነሱት ሰዎች በዚያ ሁሉ አምፖል መካከል የትም አይታዩም። መንገዱ አምሯል፤ አማረ። እኔም ወድጄዋለሁ፤ ተማሪዬን ያመጣሁት ስለወደድኩት ነው። ሆኖም ቀድሞ እዚያ ይበራ የነበረውን የየቤቱን መስኮት የሚያስታውስ ሰው በዚያ ሲያልፍ ልቡ ሁለት ይሆናል።

ስለ ጋምቤላም ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ ያቺ ከተማ የሌላ ሰው ሀብት በፊቷ ሲያልፍ ማየት አዲሷ አይደለም። በ1902 (እ.ኤ.አ.) ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የምዕራቡን ደጋ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 (እ.ኤ.አ.) ነው። ያ ሁሉ ቡና በዚያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ ወንዙ ዳር ቆሞ ያየ አኙዋክ ወይም ኑዌር ምን አለ? ምናልባት እሱም «አየን» ብሎ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ ክልሉ ከደቡብ ሱዳን የሸሹ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ያስተናግዳል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ ጠቅላላ ቁጥር 307,096 እንደነበር ያስታወሰ ሰው የነገሩን ክብደት ይረዳዋል። ጨለማውን ከእንግዳ ጋር የተካፈለ ሕዝብ ነው።

ባሮ ራሱ የሚሠራው ፌዝ አለ። ገባና ብርብር የሚባሉት ወንዞች ተገናኝተው ነው ባሮን የሚፈጥሩት። የገባ ገባር በሆነው በሶር ወንዝ ላይ፣ መቱ አጠገብ፣ አንድ ትንሽ የኃይል ማመንጫ አለ። ተርባይን አዙሮ ደጋውን ያበራው ውኃ ቁልቁል ወርዶ በዚያች ቀበሌ ደጅ ያልፋል። ልጆቹ ዋና የሚዋኙት መብራት ሆኖ በመጣ ውኃ ውስጥ ነው።

ተማሪዬን ያን የገና ዋዜማ፣ ከአያት ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ጠየቅሁት። የበረንዳውን ነገር ያስታውሰው እንደሆነ ማለቴ ነው። ለዓመታት ልጠይቀው ፈርቼ የቆየሁት ጥያቄ ነበር። ሳቀ።

«እንዴ ቲቸር! አንድ ወር ሙሉ ስለ እሱ አወራን። እህቴ ቀዩን ነው የምትወደው፣ እኔ ሰማያዊውን።»

«ከዚያ ግን መለስኳችሁ። በደብተር ስትመጡ።»

«አዎ፣ መለስከን።» ትንሽ ዝም ብሎ ቀጠለ፤ «እኛ ግን ሌላ ቀንም መጥተን አይተን ነበር። ኳስ የምታዩ ቀን። በመስኮቱ በኩል መሬት ላይ አራት ማዕዘን ብርሃን ይወድቃል። እዚያ ላይ ተኝተን እናነባለን። አንተ አላየኸንም።»

አላየኋቸውም። ጄኔሬተሯ ትጮሃለች፣ እኛ ጎል እንጠብቃለን፣ ከመስኮታችን ሥር በወደቀችው ቁራጭ ብርሃን ላይ ልጆች በሆዳቸው ተኝተው ያነባሉ። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር፤ ለካስ ሳላውቀው ጥቂት ከፍያለሁ! ወዲያው ደግሞ እፎይታዬ አሳፈረኝ። ሳላውቅ የሰጠሁት ለእኔ መልካምነት አይቆጠርም። ሆኖም ለእነሱ ተቆጥሮላቸዋል። ይኸው ልጁ ፊቴ አለ።

በመንገድ መብራት ሥር አጥንተው ለቁም ነገር ስለበቁ የአዲስ አበባ ሰዎች ታላላቆቻችን ሲተርኩልን ያደግን ሁላችን ይህን እናውቀዋለን። የጊኒ ዋና ከተማ በሆነችው በኮናክሪም እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጋዜጦች ያስተጋቡት ታሪክ ነበር። ቤታቸው መብራት የሌላቸው ተማሪዎች ማታ ማታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እየሄዱ፣ በመኪና ማቆሚያው ትላልቅ መብራቶች ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ለፈተና ያጠኑ ነበር። መብራቶቹ የተተከሉት ለመንገደኛና ለመኪና ነው። ልጆቹ ግን አልተባረሩም። ለመታየት ወይም ለሌላ ጉዳይ የበራን መብራት ወደ ማያ መብራት የሚለውጠው ባለ መብራቱ አይደለም፤ ባለ ደብተሩ ነው። ከባለ መብራቱ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነገር ትንሽ ነው፤ «እለፉ» አለማለት።

ትንሽ ነው አልኩ እንጂ በቂ ነው አላልኩም። እዚህ ላይ ከወዳጄ ጋር እለያያለሁ። እሱ «ካላባረርክ ጨረስክ» ባይ ነው። እኔ ደግሞ ደመራውን አስባለሁ። ደመራ ለመታየት የተለኮሰ እሳት ነው ብያለሁ፤ ታዲያ ደመራ ፊት ቆሞ «ለማን ነው የሚበራው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለምን የለም? ምክንያቱም እንጨቱን ያመጣነው እኛ ነን። እያንዳንዱ ችቦውን ይዞ መጥቶ አስጠግቶበታል። ሲነድ የሚያሳየን ሕንፃ ሳይሆን እርስ በርሳችንን ነው። በማግስቱ አመዱን ግንባራችን ላይ እንቀባለን። በደመራ ተመልካችና ባለቤት አይለዩም። በከተማው የበዓል መብራት ግን ተመልካቹ እንግዳ ነው፤ አይቶ የሚሄድ። እንግዳን ጠርቶ ማብላት ደግሞ በእኛ ዘንድ ሕግ አለው፤ ማዕዱን አሳይቶ የሚመልስ ሰው ካልጠራው ሰው ይልቅ ይወቀሳል። እኔ በዚያ በረንዳ ላይ የጣስኩት ይህንን ነው። ልጆቹን አልዘረፍኳቸውም። ጠርቼ መለስኳቸው።

ከዚያ ማታ ስምንት ወር በኋላ ጷጉሜን 2017 መጣ። በጷጉሜን 4 የሕዳሴው ግድብ ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። በዋዜማው ጉባ ላይ የታየውን ትርኢት አብዛኛው አንባቢ በቴሌቪዥን አይቶታል። ፋኖሱ፣ ሌዘሩ፣ በሰማይ ላይ ፊደል የሚጽፉት ድሮኖች። እኔም አየሁት፣ እንባዬም መጣ፤ አልደብቅም። በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 24 የመሠረት ድንጋዩ ሲጣል እዚያችው የጋምቤላ ቀበሌ ነበርኩ። እኛ መምህራን የወር ደመወዛችንን በዓመት ከፍለን ለመስጠት ፈረምን። ቦንድ ገዛን። ኩራዝ እንኳ የማያበሩ እናቶች አሥርም አምስትም ብር ሲያዋጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እንግዲህ እዚህ ላይ «ዕዳ» የምለው ቃል ምሳሌነቱ ያበቃል። ቦንድ ብድር ነው። በጨለማ የሚኖር ሰው ለብርሃን አበድሯል። ያን ማታ በጉባ ሰማይ ላይ የበራው ትርኢት ለተመልካች የቀረበ ግብዣ ብቻ አልነበረም፤ እንጨቱን ካመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ገና ያልሞቁት ደመራ ነበር። ደመራ መሆኑ ያኮራኛል። ያልሞቁት መሆናቸው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ሁለቱ አይጣሉብኝም።

(አንዳንድ ሰው «የጋምቤላው ባሮ ወደ ሕዳሴው ግድብ አይገባም፤ ምን አገናኛቸው?» ይለኝ ይሆናል። ልክ ነው፤ ባሮ በሶባት አድርጎ ነጭ ዓባይን ነው የሚቀላቀለው። ውኃው አይገናኝም። ገንዘቡ ግን ተገናኝቷል።)

ትርኢቱ እንዳለቀ ለተማሪዬ ስልክ ደወልኩለት። ለክረምቱ እናቱ ዘንድ ነበር። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ቢሆንም አገኘሁት። በስልኩ እያየ እንደነበር፣ ዙሪያውን ልጆች እንደከበቡት ነገረኝ። ስልኩን በሶላር ነው የሞላው። ከጀርባ የልጆች ጩኸት ይሰማኛል።

«እንዴት ነው፣ ወደዱት?» አልኩት።

«በጣም። አሁን አለቀ ስላቸው ድገመው ይሉኛል። ባትሪ የለኝም።»

«የመንደሩስ መስመር ነገር? ይመጣል ሲሉ አልነበር?»

«ምሰሶው መጥቷል ቲቸር። ከባሮ መንገድ ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ቆሟል። ዓመት ሆነው።»

«ሽቦውስ?»

«ሽቦ የለም። ሴቶቹ ጠዋት ጠዋት ፍየል ያስሩበታል።»